ሲነጋ የሚሰንፉ ዓሦች

«አባዬ፣ ዓሦቹ እኔ ስተኛ ይሰንፋሉ» አለች ፌንጣ።

ፀጉር አስተካካዩ አባቷ ራሱን ነቀነቀ። የሰማው ግን «አባዬ» የሚለውን ብቻ ነበር። ከሥራ ገብቶ አንደኛውን ጫማ አውልቆ ሁለተኛውን እንዳጠለቀ፣ ነፋስ መጋረጃውን እንዴት እንደሚያነሳና እንደሚጥል እያየ ፈዞ ቀርቷል። ይሄ የቆየ አመሉ ነው። ሚስቱ «ቀልብህን የት ጥለኸው መጣህ?» ትለዋለች፤ የት እንደጣለው ቢያውቅማ ሄዶ ያነሳው ነበር።

«እየነገርኩህ ነው እኮ። ትናንት ማታ ሳቆም በጣም ይሮጡ ነበር። አሁን ስከፍተው እንደ ቀንድ አውጣ ይንፏቀቃሉ። ሁሌም እንደዚህ ነው።»

«ደክሟቸው ይሆናል።»

«ኮምፒውተር ይደክመዋል እንዴ?»

«እኔ ምኑን አውቄው» አለና ሁለተኛውን ጫማ አወለቀ።

ፌንጣ የመዝገብ ስሟ አይደለም። ግን ከምንጣፍ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ደግሞ ማንም ወዳላሰበው ቦታ ስትዘል ያየ ሁሉ ሌላ ስም አይመጣለትም። ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መምህሯ ስለ ወንዝ ሲያስረዱ እሷ ጣሪያው ላይ ያለችውን ሸረሪት ትከተላለች፤ ስለ ሸረሪት ሲያስረዱ ደግሞ ወንዙ ትዝ ይላታል። ሐኪም አያትና ትኩረቷን ሰብስባ መያዝ የሚያስቸግራት ልጅ ናት አለ። ስንፍናም አይደለም፣ ብልግናም አይደለም፣ የአንጎሏ አሠራር ነው አለ። ትምህርት ቤቱም እንደሷ ላሉ ልጆች በኮምፒውተር የሚሰጥ የትኩረት ሥልጠና ጀመረ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በውሰት ተሰጠ። ልጁ ማታ ማታ ቤቱ ይሠራበታል፤ ውጤቱን ላፕቶፑ ራሱ ለአሠልጣኟ ይልካል።

ሥልጠናው ጨዋታ ይመስላል። ባሕር አለ፣ ዓሦች ከወዲያ ወዲህ ያልፋሉ። ጅራቱ ቢጫ የሆነ ዓሣ ሲያልፍ ረጅሙን ቁልፍ መጫን ነው። ቀይ ጅራት ሲያልፍ እጅን መሰብሰብ ነው። በቃ። ሰው ሲሰማው ይስቃል፤ ሲሞክረው ሳቁ ይቆማል። ጉዱ ያለው መጫኑ ላይ ሳይሆን አለመጫኑ ላይ ነው። የሚጫወተው ሰው ሲቀናው ዓሦቹ እየፈጠኑ ከባሕሩ ዳር ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ጥልቁ ይወስዱታል። ሲሳሳት ደግሞ ይዘገዩለትና መልሰው ዳር ያወጡታል።

ነገሩ ሁሉ ያለው ጥልቁ ላይ ነበር። የትምህርት ወቅቱ ሲያልቅ ጥልቁ የደረሰ ልጅ ከክፍሉ ጋር ይቀጥላል፤ ያልደረሰ ከግቢው ጀርባ ወዳለችው ትንሽ ክፍል ይዛወራል። ትንሿ ክፍል መጥፎ ናት ያለ የለም። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፣ ጸጥታ አለ፣ መምህርቷም ደግ ናቸው ይባላል። ፌንጣ ግን ይህን የሰማች ቀን መዝለሏን አቁማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እዚያ ማን ይጎነትለኛል?»

ክፍል ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ፌንጣ በሐሳብ ስትሄድ በእርሳሷ ጀርባ ጎኗን ጎንተል ታደርጋታለች። ማንም አላዘዛትም። ለፌንጣ የዚያች ልጅ እርሳስ ከሐኪሙ ምክር ሁሉ ይበልጥባታል። ሌላ ጓደኛም የላትም።

እንግዲህ ወደ አባትየው እንመለስ።

ሥልጠናው ሲጀመር ወላጆች ተጠርተው ነበር። አሠልጣኟ ፊት ቆማ ስታስረዳ እሱ ከመጀመሪያው ረድፍ ተቀምጦ ግንባሯ ላይ የወረደውን ፀጉር ያያል። በስተግራ ያለው በስተቀኝ ካለው ይረዝማል። ማን ነው እንዲህ የቆረጠላት? መቀሱ ደንዞ ነው ወይስ ቆራጩ ቸኩሎ? በዐይኑ አስተካክሎላት ሲጨርስ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ነበር፤ እሱም አጨበጨበ። ምን እንደተባለ ሚስቱን እንዳይጠይቃት አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ምን ብሎ ይጠይቃታል?

ሚስቱ ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ትሰፋለች። የፋብሪካው ሰርቪስ ጎህ ሲቀድ ይወስዳታል። ፌንጣ እስክትነሳ ድረስ ቤቱ የእሱ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ሻዩን ይዞ ሲንጎራደድ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አየው። ልጄ ማታ ማታ የምትታገለው ምን እንደሆነ ልየው እስኪ ብሎ ከፈተው። ባሕሩ መጣ። ቢጫ አለፈ፣ ተጫነ። ቀይ አለፈ፣ እሱንም ተጫነ። ሌላ ቢጫ መጣ፣ አመለጠው። ትንሽ ቆይቶ ከላፕቶፑ የሴት ድምፅ ወጣ።

«ጎበዝ» አለው።

ዞር ብሎ ከኋላው ሰው ያለ እንደሆን አየ። ማንም የለም። የተባለው እሱ ነው። ተማሪ ሳለ ጠመኔ እንጂ ጎበዝ ተወርውሮለት አያውቅም። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ እሱ ግን ቀጠለ። በማግስቱም ከፈተው፣ በሠልስቱም።

የሠራው ነገር ምን ያበላሻል ብሎ አላሰበም። የእንጀራው ነገር ሆኖበት ነው መሰል፣ ዕቃ ሁሉ ለእሱ እንደ ፀጉር መቁረጫ ወንበር ነው። ሰው ተነስቶ ሲሄድ ወንበሩ ማን እንደተቀመጠበት አያስታውስም። ፀጉሩ ይጠረጋል፣ ፎጣው ይራገፋል፣ ባለተራው ይቀመጣል። ላፕቶፑንም ዘግቶ ክዳኑን በእጅጌው ይወለውለውና ፌንጣን ሊቀሰቅስ ይሄዳል። ለሚስቱ ያልነገራት አፍሮ ነው። ትልቅ ሰው ዓሣ ሲያባርር አነጋ ይባላል?

እንዲያውም ለውጥ የተሰማው መስሎት ነበር። ከሱቁ ጎን ያለው ጫማ ሻጭ ፂሙን ሊስተካከል የተቀመጠ ዕለት እንዲህ አለው፦

«ሰሞኑን ቀልቤ ተሰብስቧል።»

«ተሰብስቦ የት ሄደ?» አለ ጫማ ሻጩ።

«የምሬን ነው። አእምሮዬን እያሠራሁት ነው።»

«አሠራው፣ አሠራው። ብቻ ምላጩን ስትይዝ አይሁን። ያለፈው ወር በግማሽ ሪዝ ቤቴ ልከኸኝ ሚስቴ ሌላኛውን የት ጣልከው ብላ አታድርም?»

«ያ ድሮ ነው።»

«ያለፈው ወር ድሮ ከሆነ ያንተ ቀልብ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያህ ነው የታመመው።» ጫማ ሻጩ በመስታወቱ ውስጥ አየው። «አንተ ሰውዬ፣ ከጆሮዬ ጀርባ ምን ታደርጋለህ? ፂሜ እኮ ፊት ለፊት ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ፊት ለፊት ተመለሰ።

የትምህርት ወቅቱ መጨረሻ ደረሰ። ላፕቶፖቹ በሚመለሱበት ዕለት ጠዋት አሠልጣኟ ሁለቱንም ወላጆች አስጠራች። ሚስትየዋ ከፋብሪካው ፈቃድ ወስዳ፣ እሱም ሱቁን ዘግቶ፣ ላፕቶፑን በከረጢት ይዞ ሄዱ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ የልጆች ሥዕል፣ በሩ ላይ አራት ማዕዘን መስታወት። አሠልጣኟ የራሷን ኮምፒውተር አዙራ አሳየቻቸው። በማያው ላይ ወጣ ገባ የሚል መስመር ተሰምሯል፤ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል።

«ይሄ የልጃችሁ ውጤት ነው» አለች። «እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግራ ገብቶኛል። ሌሎቹ ልጆች ቀስ እያሉ ይወጣሉ፣ አንዳንዶቹ ባሉበት ይቆማሉ። እሷ ግን መሃሉ ድረስ ትወጣና ትወድቃለች፣ እንደገና ትወጣና ትወድቃለች። አንድ ልጅ ሳትሆን ሁለት ልጅ ነው የምትመስለው። እንዲህ የሚዋዥቅ ትኩረት አላየሁም። ዛሬም የቆመችው ዳር ላይ ነው። ስለዚህ ትንሿ ክፍል ሳትሻላት አትቀርም ብለናል።»

«እኔ እኮ ማታ ማታ አጠገቧ እቀመጣለሁ» አለች ሚስትየዋ። «ጎበዝ ናት። በዐይኔ ነው የማየው።»

«የማታው አይደለም የሚያሳስበኝ። የጠዋቱስ?»

«የምን ጠዋት?»

«በቀን ሁለቴ ነው እኮ የምትሠራው። ጠዋትና ማታ።»

ሚስትየዋ ወደ ባሏ ዞረች። «ጠዋት ትነሳለች እንዴ? እንኳን ለዚህ፣ ለትምህርት ቤትስ መች በግድ ካልሆነ ትነሳለች?»

ፀጉር አስተካካዩ መስመሩን ያያል። ወንበሩ ለካ የተቀመጠበትን ሁሉ ያስታውሳል። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣበትና ይበልጥ ግራ አጋባው። ጠዋት ጠዋት ጎበዝ ሲባል የከረመ ሰው ነው፤ እንግዲያው እነዚያ ከፍ ከፍ ያሉት ጫፎች የእሱ ናቸው፣ ጉድጓዶቹ ደግሞ የልጁ። ዝም ቢል ልጁ ሁለት ሰው ትመስላለች ተብላ ትዛወራለች። ቢናገር ጫፎቹ ከመስመሩ ላይ ይነሱና ጉድጓዱ ብቻ ይቀርላታል። የቱ ይሻላል? ወዲህ ቢል ገደል፣ ወዲያ ቢል ገደል። ሚስቱ ግን ዐይኗን አልነቀለችለትም። ሠላሳ ሸሚዝ ውስጥ አንድ የተጣመመ ኮሌታ የሚያገኝ ዐይን ነው።

«ጠዋት እኔ ነኝ» አለ።

«ምንድን ነህ?» አለች ሚስቱ።

«ዓሦቹን። እኔ ነኝ የምሠራው። ልጄ የምትታገለውን ልየው ብዬ ጀመርኩና …» አሠልጣኟን አየ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከፍ ከፍ ያሉት የኔ ናቸው። እሷን ግን በዝቅታዎቹ አይፍረዱባት፣ ልጅ ናት። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ለዚያ ነው የበለጥኳት።»

አሠልጣኟ ወደ ማያው ተጠጋች። እርሳስ አንስታ አንዱን ጫፍ ነካች፣ ቀጥሎ አንዱን ጉድጓድ። ደጋግማ አየች።

«ከፍ ያሉት የማታዎቹ ናቸው» አለች።

«የማታዎቹ?»

«የጠዋቶቹ እነዚህ ናቸው። ወደ ታች የወረዱት።»

«እንዴት ይሆናል? ማሽኑ ጎበዝ ይለኛል እኮ።»

«ለሁሉም ይላል። ልጆች ተስፋ እንዳይቆርጡ።»

ፀጉር አስተካካዩ መስመሩን ገልብጦ ለማየት ሞከረ፤ ላይ ያለው የልጁ፣ ታች ያለው የእሱ። አእምሮው እሺ አላለውም፤ ወዲያው መልሶ ይገለበጥበታል። ሚስቱ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋለች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከጎን ሆኖ መለየት አልቻለም፤ ምናልባት እሷም አልለየችውም።

«ልጄ ማታ ማታ ዳገት ትገፋለች» አለች በመጨረሻ፤ «ሲነጋ አንተ ቁልቁል ትለቅባታለህ።»

«ነግራኝ ነበር» አለ እሱ። «ስተኛ ይሰንፋሉ ብላኝ ነበር።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ደክሟቸው ይሆናል አልኳት።»

አሠልጣኟ ጉሮሮዋን ጠረገች። «በመጀመሪያው ስብሰባ ከልጁ በቀር ማንም እንዳይነካው ብዬ ነበር። ዓሦቹ በተጫወተው ሰው ልክ ነው የሚፈጥኑትና የሚዘገዩት፣ ሌላ ሰው ከነካው ልጁ የደረሰበት ይጠፋል ብዬ አስረድቻለሁ።»

«ያኔ ፀጉርዎን እያየሁ ነበር።»

«ምኔን?»

«የግንባርዎን። በግራ በኩል ረዝሞ ነበር። አሁንም ትንሽ …»

«ዝም በል በቃ» አለች ሚስቱ፤ አሠልጣኟ ግን ሳታስበው እጇን ወደ ግንባሯ ሰደደች። አልተቆጣችም። ሰውየውን አዲስ ነገር እንዳየ ሰው ታየው ጀመር።

«እርስዎ ተማሪ ሳሉ ትምህርት እንዴት ነበር?»

«ጠመኔ ይወረወርብኝ ነበር» አለ። ለምን እንደጠየቀችው አልገባውም።

አሠልጣኟ ርዕሰ መምህሩን ልታናግር ወጣች። ስትመለስ ፊቷ ከበፊቱ የተሻለ አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ ወላጅ ልጁን ለማስቀረት የማይለው ነገር የለም ብለዋል። ይህን መስመር እንደ ማስረጃ አልቀበልም፣ ልጅቷ ዛሬ እኔ ፊት ከዳር ተነስታ በአንድ ቁጭታ ጥልቁ ከደረሰች ትቆያለች፣ ካልደረሰች ትዛወራለች ብለዋል። በአንድ ቁጭታ ከዳር እስከ ጥልቁ ማለት የብዙ ማታ ሥራ ነው።

«ዛሬ ጠዋትም ነክተውታል?» ብላ ጠየቀችው።

«ዛሬማ ብዙ ነካሁት። ጨንቆኝ ነበር።»

ፌንጣ ከክፍሏ ተጠርታ መጣች፤ አንድ ካልሲዋ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ወርዷል። ነገሩን እናቷ ነገረቻት። ልጅቷ አባቷን ከታች ወደ ላይ አየችው።

«አንተ ነህ እንዴ የምታሰንፋቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን ቀዩን ትነካዋለህ? ቀይ አይነካም እኮ።»

«አውቃለሁ። እጄ ይቀድመኛል።»

ፌንጣ ጥቂት አሰበች። የተቀየመች አትመስልም፤ የቤት ሥራ የከበደው ጓደኛ ያገኘች ትመስላለች። «የኔም ይቀድመኝ ነበር» አለች። «አሁን እጄን ከጠረጴዛው አወርደውና ጭኔ ላይ አስተኛዋለሁ። ቢጫ ሲመጣ ብቻ ነው የምቀሰቅሰው። ቀይ ሲያልፍ ደግሞ በሆዴ ‹ደህና ሁን› እለዋለሁ።»

«ደህና ሁን?»

«አዎ። ካልተሰናበትኩት ይከተለኛል።»

ርዕሰ መምህሩ ገቡ፤ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰው ናቸው። ወንበር ስበው ከልጅቷ ጎን ተቀመጡ። ወላጆች ውጭ ይጠብቁ አሉና በሩ ተዘጋ።

ባልና ሚስት ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። በበሩ መስታወት የፌንጣ ማጅራት ይታያል፤ ፀጉሯን ከርክሞ የቆረጠላት እሱ ራሱ ነው። የቀኝ እጇ ወደ ጭኗ ወርዷል። እግሮቿ ግን ከወንበሩ ሥር አንዱ በአንዱ ላይ ተጠላልፈው ይወዛወዛሉ። ምን ሆና ነው? ፈርታ ይሆን? ማያው አይታይም፤ ርዕሰ መምህሩ ሸፍነውታል። ዓሦቹ ዳር ናቸው? መሃል ደረሱ? ከርዕሰ መምህሩ ትከሻ ምንም ማንበብ አይቻልም።

«ዐይንህን እንዳትነቅል» አለች ሚስቱ። «ቢያንስ ዛሬ አብረሃት ሁን።»

«የት እሄዳለሁ?» አለና በልቡ ማለ። ከዚህች መስታወት ዐይኔን አላነሳም አለ።

አላነሳምም። ግን መስታወቷ ውስጥ ከልጁ ማጅራት ሌላ ከጀርባው ያለው የኮሪደሩ መስኮት ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ግቢው። ግቢው ውስጥ አንድ ሰው ጎማ ያለው ቆርቆሮ እየገፋ የመጫወቻ ሜዳውን ነጭ መስመር ይቀባል። ሰውየው ቀጥ ብሎ እየመጣ ነው። ከፊቱ ደግሞ ልክ መስመሩ በሚያልፍበት ላይ ባለቤቱ የረሳት ብስክሌት ተጋድማለች። ሰውየው አላያትም ወይስ አይቶ ነው? ያነሳታል? ይዞራታል? ወይስ ቆሞ ባለቤቷን ይጠራል? ቆርቆሮው ተጠጋ። ሰውየው ቆመ። ወገቡን ያዘ። ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ብስክሌቷን ዞሯት፤ ነጩን መስመር በእሷ ዙሪያ እንደ ክንድ ጎበጥ አድርጎ ቀባና በማዶ በኩል ቀጥ ብሎ ሄደ። አሁን ባለቤቷ መጥቶ ሲያነሳት መስመሩ ምን ይሆናል? ልጆቹስ ሲጫወቱ ያቺን ጉብታ ምን ብለው ይፈቷታል? ኳስ እዚያ ጋ ስትደርስ ውጭ ናት ወይስ …

እጅጌው ተሳበ። አንዴ አይደለም፤ ቆይቶ ሲያስበው ሲሳብ የነበረ ይመስለዋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንድ ነገር በጎኑ ሽው ብሎ አልፎ በኮሪደሩ መጨረሻ ታጠፈ። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን እየጠረጉ እሱ ያልሰማውን ነገር ለአሠልጣኟ ይናገራሉ። ወንበሩ ባዶ ነው።

«የት ሄደች?» አለ ደንግጦ። «ምን አሏት?»

«ሽንት ቤት ነው የሄደችው» አለች ሚስቱ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ ይዟት ነበር። እንዳላቋርጥ ብዬ ያዝኩት አለች።»

«ጨረሰች?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሦስቴ ነገርኩህ እኮ።»

«እዚሁ ነበርኩ» አለ፤ ግን እርግጠኛ አልነበረም። ባዶውን ወንበር አየ፣ ርዕሰ መምህሩን አየ፣ የሚስቱን ፊት አየ። ዐይኗ ቀልቷል። ፊቷን ወደ ደስታም ወደ ሐዘንም መተርጎም ይቻላል፤ የቱ እንደሆነ አልመጣልህ አለው። ልጁ በሮጠችበት በኩል የውኃ ድምፅ ይሰማል። እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ጠፋበትና ወደ ኪሱ ከተታቸው።

«አንዴ ድገሚልኝ» አላት። «አሁን እሰማሻለሁ።»

ሚስቱ አገጩን በሁለት ጣቷ ይዛ ፊቱን ወደ እሷ አዞረች፤ ራሱ ደንበኛ ሲያዞር እንደሚያደርገው።

«ጥልቁ ደርሳለች» አለች፤ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች። «ከክፍሏ አትወጣም።»

አፏን እያየ ሰማት። ከዚያ ለራሱ፣ ሳያሰማ፣ እንደሷው አንድ በአንድ ደገመው።